ጅራት ለኪው ጦጣ

ተረት አለኝ፣ ጆሮ አውሱኝ። ንጉሥ አንበሳ ከጎተራው እህል እየተሰረቀ ቢያስቸግረው፣ የተማረውን ጦጣ «ሌባን ምን እንደሚፈጥረው አጥናልኝ» አለው። ጦጣ ሰባት ዓመት ሙሉ የእስረኞችን ጅራት ሲለካ ቆየና፣ ሌባ የሚሆነው ጅራቱ የረዘመ ነው ብሎ መጽሐፍ ጻፈ። አንበሳም ጅራቱ የረዘመ ሁሉ ይታሰር ብሎ ዐወጀ። ጦጣ በደስታ ሲያጨበጭብ ወታደሮቹ በጅራቱ ጎትተው እስር ቤት አስገቡት።

እዚያ አጠገቡ የተቀመጠችውን አይጥ «እሜቴ፣ ለምን ሰረቁ?» አላት።

«ልጆቼ ተርበውብኝ።»

ጦጣ በራሱ ሳቀ። በሰባት ዓመት አንዱንም እስረኛ ይህን አልጠየቀም ነበር። ወዲያው «ተሳስቻለሁ፤ ሌባ የሚፈጥረው ረሃብ ነው» ብሎ ለአንበሳ ላከ።

አንበሳም «መጽሐፍህ ገጽ ሦስት ላይ፣ ጅራቱ የረዘመ ቃሉ አይታመንም ይላል» ሲል መለሰለት።

ጦጣ ዐረፍተ ነገሩን አወቀው። ከጻፈው ሁሉ አብልጦ የሚኮራው በእሱ ነበር።