ሸክላ ሠሪው የትም አልሄደም

አንድ ዕድሜውን ሁሉ የጥንት ከተማ ሲቆፍር የኖረ ሰው ነበር። ስሙ ፋኑስ ይባላል። የሚቆፍረው በላይኛው ግብፅ፣ ከአባይ በስተ ምዕራብ፣ እርሻው አልቆ በረሃው በሚጀምርበት ዳርቻ ላይ ነበር። ፒራሚዶቹ ገና ሳይታሰቡ በዚያ ቦታ ትልቅ ከተማ ነበረ። የመጀመሪያዎቹ ነገሥታት ወደዚያ እየወጡ ለጭልፊቱ አምላክ ይሰግዱ እንደነበር ሲነገር ቆይቷል። ፋኑስ የሚፈልገው የዚያን አምላክ የመጀመሪያውን ቤተ መቅደስ ነበር።

ሌሎች ቆፋሪዎች በዚያ አሸዋ ውስጥ ብዙ ነገር አግኝተዋል፤ መቃብር፣ የድንጋይ ቢላዋ፣ የጠላ መጥመቂያ ጋን። እሱ ግን ለእነዚህ ግድ አልነበረውም። ያስተማራቸው ልጆች አድገው የትልልቅ ቤተ መዘክሮች ኃላፊዎች ሲሆኑ እሱ በየዓመቱ ብርድ ሲገባ ወደዚያው አሸዋ ይመለስ ነበር። አሁን ፀጉሩ ነጥቷል፣ ጉልበቱም ያመዋል። የጡረታው ጊዜ ስለደረሰ ይህ የመጨረሻ ቁፋሮው እንደሆነ ተነግሮታል።

በዚያ ዓመት ሠራተኞቹ ከአሸዋው ሥር አንድ ወፍራም የጭቃ ጡብ ግንብ አወጡ። ፋኑስ ግንቡን ሲያይ ወርዶ ውፍረቱን ለካ። በዚያ በሩቅ ዘመን ሰው የሚኖረው በሸንበቆና በእንጨት በተሠራ ቤት ነበር። ታዲያ እንዲህ ያለ ግንብ ለአምላክ ካልሆነ ለማን ይሠራል? ወለሉ ገና አልተቆፈረም፤ ጥቂት መታገሥ ነበረበት። አልታገሠም። በዚያው ሳምንት ቤተ መቅደሱን አገኘሁት ብሎ ለአውራጃው የቅርስ ሹም አስታወቀ። ወሬው ወደ ዋና ከተማው ደረሰ። ሹሙም ደስ ብሎት ገዥውና ታላላቅ እንግዶች መጥተው ቦታውን የሚመርቁበትን ቀን ቆረጠ።

ከቁፋሮው አጠገብ አንድ መንደር አለ። ሠራተኞቹ ሁሉ የዚያ መንደር ሰዎች ናቸው። አለቃቸው በድሪ የሚባል፣ ንግግሩ ጥቂት፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነበር፤ ከፋኑስ ጋር አብረው ሸምግለዋል። የበድሪ የመጨረሻ ልጅ በመከር ጊዜ ልትዳር ታጭታ ስለነበር ከቤቱ ጎን አንድ ክፍል ጨምሮ ጣሪያውን በሸንበቆና በዘንባባ ቅጠል አልብሶላት ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሰሜን ኃይለኛ ነፋስ ተነሣ። በመንደሩ ሰሜን ጫፍ ካለ የዳቦ ምድጃ ፍም ተነሥቶ ጣሪያ ላይ አረፈ። እሳቱ ከአንዱ ጣሪያ ወደ ሌላው እየዘለለ፣ ሰዎቹ ከቦይ ውኃ ቀድተው እስኪደርሱ ድረስ የመንደሩ ግማሽ አመድ ሆነ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልሞተም። ከብት ግን አልቋል፤ እህልም ተቃጥሏል። የበድሪ ቤትና ለልጁ የሠራው አዲሱ ክፍል፣ ከነጥሎሿ ጠፉ።

ከዚያ በኋላ መንደሩ ዝም አለ። ሰዎቹ በዘመዶቻቸው ቤት ተጠግተው ስለ መሄድ ማውራት ጀመሩ። ከወንዙ ማዶ ባለው ከተማ የጡብ ፋብሪካ አለ፤ ሠራተኛም ይቀጥራል ተባለ። አንዳንዶቹ የቀራቸውን ዕቃ በአህያ መጫን ጀመሩ። በድሪም ለፋኑስ የምረቃው ቀን እስኪያልፍ ሠርቶ ከዚያ ቤተሰቡን ይዞ እንደሚሻገር ነገረው። ፋኑስ አዘነለት፣ ያለውንም ረዳው። ልቡ ግን ግንቡ ላይ ነበር። እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት መሠዊያውን ማግኘት ስለፈለገ ወለሉን ማስቆፈር ጀመረ።

መሠዊያ አልወጣም። ከወለሉ ሥር አመድ ወጣ። ከአመዱ ውስጥ የከሰሉ የእንጨት ምሰሶዎችና የተቃጠለ ሸንበቆ ወጣ። በስተ ሰሜን በኩል ደግሞ፣ ከተቃጠሉት ምሰሶዎች ብዙም ሳይርቅ፣ የሸክላ መተኮሻ ምድጃ ተገኘ፤ ዙሪያው በተሰነጠቁና በተጣመሙ ማሰሮዎች ተሞልቷል። ፋኑስ ለረጅም ጊዜ ተንበርክኮ ተመለከተ። ነገሩ ግልጽ ነበር። ይህ የአምላክ ቤት አይደለም። የአንድ ሸክላ ሠሪ ቤት ነው። ሰውየው ምድጃውን ለቤቱ በጣም አቅርቦ ሠራ፤ ነፋሱ ሲበረታ እሳቱ ቤቱን በላው። ያ ወፍራም ግንብ የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው፤ አምላክን ለማክበር ሳይሆን እሳትን ለመከላከል።

ፋኑስ ሠራተኞቹን በጊዜ አሰናበታቸው። አፈሩን መልሶ ሊያለብሰው አሰበ። ማን ያውቅበታል? ሌሊቱን ሲያስበው ግን እንደማይችል ገባውና በማግስቱ ወደ አውራጃው ከተማ ሄዶ ለሹሙ እውነቱን ነገረው። ሹሙ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ገዥውን ጋብዟል። እንግዶቹ መጥተው እስኪሄዱ ዝም እንዲል፣ ከዚያም ቀስ ብሎ በጽሑፉ እንዲያርመው መከረው። ግንብ አፍ የለውም አለው። አለዚያ ግን የቁፋሮው ፈቃድ ለሌላ ሰው እንደሚሰጥና ስሙም መሳቂያ እንደሚሆን አስጠነቀቀው።  ፋኑስ ምን እንደሚያደርግ ሳያውቅ ተመለሰ።

ሲመለስ በድሪን በተቆፈረው ቤት አፋፍ ላይ ተቀምጦ አገኘው። በድሪ አመዱን እያየ ነበር።

«ይህ ምንድን ነው ዶክተር?» አለው።

ፋኑስ ከጎኑ ተቀመጠና ሳይደብቅ ነገረው። ቤተ መቅደስ እንዳልሆነ፣ ምድጃው ከየት በኩል እንደነበረ፣ ነፋሱ ፍሙን እንዴት ወደ ቤቱ እንዳመጣው አስረዳው። 

«ከሰሜን ነው የመጣበት» አለ በድሪ።

«አዎ፣ ከሰሜን።»

«ቤተሰቡስ?»

«በአመዱ ውስጥ የሰው አጥንት የለም። ወጥተዋል ማለት ነው።»

በድሪ እፎይ አለ፤ የገዛ ዘመዱን መትረፍ የሰማ ይመስል ነበር። «ከዚያስ ወዴት ሄደ?»

ፋኑስ ለመመለስ አፉን ሲከፍት ይህን ጥያቄ ራሱን ጠይቆ እንደማያውቅ ገባው። ቤተ መቅደሱን በማጣቱ አዝኖ ስለነበር ስለ ሰውየው አላሰበም። ተነሥቶ ሁለት ስባሪ ሸክላ አመጣ፤ አንዱ ከአመዱ የወጣ፣ ሌላው ከላይኛው ወለል። በሁለቱም አፍ ላይ ጭቃው እርጥብ ሳለ በአውራ ጣት የተጫነ ምልክት ነበር። ያው ጣት፣ ያው አጫጫን።

«የትም አልሄደም» አለው። «በአመዱ ላይ ወለል ደልድሎ ያን ግንብ የሠራው እሱ ራሱ ነው። ያ ቀይ አፈር እንደሚያሳየው ምድጃውን ደግሞ ወደ ደቡብ አዛወረው፤ ነፋሱ ፍሙን ከቤቱ ወዲያ እንዲወስደው።»

በድሪ ስባሪዎቹን ተቀብሎ አውራ ጣቱን በምልክቱ ላይ አሳረፈ። ከዚያም ተነሥቶ ወደ መንደሩ ሄደ። ጥቂት ቆይቶ ሚስቱን ናዒማን፣ ልትዳር የነበረችውን ልጁንና ቤታቸው የተቃጠለባቸውን ጎረቤቶቹን ይዞ ተመለሰ። ለእነሱ የነገራቸው ፋኑስ ሳይሆን በድሪ ነው። ምሰሶዎቹን፣ የመጀመሪያውን ምድጃ፣ ወፍራሙን ግንብ፣ ከዚያም በስተ ደቡብ ሁለተኛው ምድጃ የነበረበትን ቀይ አፈር እያሳየ ነገራቸው። 

ናዒማ ወደ ጉድጓዱ ወርዳ በአመዱ ዳር ቆመች። የሸክላ ሠሪው ሚስት ምን ብላው ይሆን ብላ ጠየቀች። አንዲት ጎረቤት ምድጃውን አርቀህ ካልሠራህ አልገባም ብላዋለች ስትል ሴቶቹ ሳቁ። ከእሳቱ ወዲህ በዚያ መንደር ሳቅ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር።

የምረቃው ቀን ደረሰ። ገዥው መጣ፣ እንግዶቹ መጡ፣ ድንኳን ተተከለ። ሹሙ ፋኑስን አየት አድርጎ ዝም እንዲል በዓይኑ ለመነው። ፋኑስ ግን ቆሞ ተናገረ።

«ቤተ መቅደስ ልታዩ ነው የመጣችሁት። ያገኘሁት የአንድ ሸክላ ሠሪ ቤት ነው። ቸኩዬ ተሳስቻለሁ፤ ስህተቱም የእኔ ብቻ ነው። ቤቱ ተቃጥሎበት ነበር፤ እዚያው መልሶ ሠራው። ከወደዳችሁ ላሳያችሁ።»

ጉርምርምታ ሆነ። ከእንግዶቹ ብዙዎቹ ወደ መኪናቸው ተመለሱ። ገዥው ለጨዋነት ያህል ጥቂት ቆይቶ ሄደ። ሹሙም ፊቱን አዙሮ ተለየ። እንዳለውም አደረገ፤ የሚቀጥለው ዓመት ፈቃድ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ፋኑስ በባለሙያዎች ዘንድ የቸኮለው ሽማግሌ ተብሎ ተሳቀበት። ያ አሳምሞታል፤ አልጎዳኝም አላለም።

ወደ ዋና ከተማው ግን ቶሎ አልተመለሰም። የቆፈረውን ቦታ በወጉ አፈር ለማልበስ ቀረ። በዚያ ጊዜ በድሪ መሻገሩን ትቶ፣ መንደሩም እንደገና መሠራት ጀምሮ ነበር። ጭቃ ሲቦካ፣ ጡብ በፀሐይ ሲደርቅ በየቀኑ ያያል። የቤቶቹን ግንብ በወፍራሙ አቆሙት፤ ጣሪያውን በጭቃ ለሰኑት። ስለ ዳቦ ምድጃዎቹ ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ ከቤታችን ይርቁብናል ያሉ ሴቶች ነበሩና። ናዒማ አስታረቀቻቸው፤ ምድጃዎቹ ሁሉ ወደ መንደሩ ደቡብ ጫፍ ተዛወሩ። ሁሉም አልቀሩም። ጥቂት ቤተሰቦች ወደ ጡብ ፋብሪካው ተሻገሩ፤ በድሪም አህያውን ሰጥቶ እስከ ወንዙ ሸኛቸው፤ አልነቀፋቸውም።

የበድሪ ልጅ ሠርግ ከመከር አልፎ ተደረገ። የሙሽሪት ክፍል በሩ ገና አልተገጠመም ነበርና በመግቢያው ላይ መጋረጃ ተሰቀለ። ፋኑስን ከሽማግሌዎቹ መካከል አስቀመጡት። አንድ እንግዳ ያን ሁሉ ዘመን ፈልጎ ቤተ መቅደሱን ባለማግኘቱ ይቆጭ እንደሆነ ጠየቀው። ፋኑስ እንደሚቆጭ አልደበቀም። ቀጥሎ ግን እንዲህ አለ።

«ነገሥታቱ ሊሰግዱበት የመጡት ከተማ ከየት እንደመጣ ሳስብ ነበር የኖርኩት። አንድ ሰው መጀመሪያ አመዱን ጠርጎ እዚያው ማደር ነበረበት። እሱን አግኝቼዋለሁ።»

ወዳጄ ሆይ፣ ብዙዎቻችን በሕይወታችን ውስጥ የምንፈልገው ወርቅ የለበሰውን ቤተ መቅደስ ነው። ታላቅ ከተማ ሁሉ ግን የሚቆመው ቤታቸው ተቃጥሎ እንደገና በሠሩ ሰዎች ላይ ነው። ሸክላ ሠሪው ያደረገውን ልብ በል። እዚያው ቀረ፤ ግን እንደ በፊቱ አልሠራም። ግንቡን አወፈረ፣ ምድጃውን አዛወረ። ተስፋ ማለት እንደ ቀድሞው ይሆናል ብሎ መቀመጥ አይደለም፤ ከተቃጠለው ተምሮ መልሶ መሥራት ነው። ፋኑስም ስሙን ለማዳን ሲል አመዱን አልብሶት ቢሆን ኖሮ፣ ገዥው ያጨበጭብለት ነበር፤ በድሪም ወንዙን ይሻገር ነበር። ያፈርንበት እውነት ለሌላው መድኃኒት የሚሆንበት ጊዜ አለ።

አንተስ፣ አንቺስ፣ አመድ ሆኖብኛል ብለህ የተውከው፣ ብለሽ የተውሽው ቦታ የቱ ነው? መልሰን ብንሠራው፣ ምድጃውን ወዴት እናዛውረው ነበር?