ሦስት ሰው የጎደለው የምርጫ ጣቢያ

ተረት ተረት ስላችሁ ዝም ትሉኛላችሁ? ጎሽ፣ አሁን ሰማኋችሁ! እንግዲህ ሸንበቆ ሰፈር ውስጥ እማማ የሻረግ የሚባሉ ሴት ነበሩ። አንድ እግራቸው ተሰብሮ በወጉ ስላልተጠገነ በከዘራ ነው የሚሄዱት። ምኞታቸው ትንሽ ናት፤ ሰፈራቸው ባለው የምርጫ ጣቢያ፣ በገዛ እግራቸው ሄደው ድምፅ መስጠት። በቃ፣ ሌላ የለም።

የመራጮች መዝጋቢዋ ግን «እማማ፣ ጣቢያው ከሚያስፈልገው ተመዝጋቢ ሦስት ሰው ጎድሏል» አለቻቸው። «ዛሬ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ካልሞላ ጣቢያው ይዘጋና ወንዝ ማዶ ሄዳችሁ ትመርጣላችሁ።» ወንዝ ማዶ! ያንን ዳገት ጤነኛ ሰው እንኳ አረፍ እያለ ነው የሚወጣው። ያልተመዘገቡትን ሦስቱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ልብስ ሰፊው፣ ፀጉር አስተካካዩና ባለወፍጮው ናቸው።

እማማ መጀመሪያ ወደ ሰፊው ወደ ዘገየ ሄዱ። እሱ የምርጫ ምልክቱ ፋኖስ የሆነውን ፓርቲ ነው የሚደግፈው። «ፀጉር አስተካካዩ የቁልፍ ፓርቲ ነው» አለ። «እሱ ከተመዘገበ፣ ድምፁን በድምፄ ላጣፋ እመዘገባለሁ። እሱ ካልወጣ ስፌቴን ትቼ ምን ልሁን ብዬ?»

እማማ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ሄዱ። «ኧረ ሙሉነህ! አንተ ካልተመዘገብክ ሰፊው አይመዘገብም፤ ሰፊው ካልተመዘገበ ጣቢያው ይዘጋል፤ ጣቢያው ከተዘጋ እኔ አልመርጥም!»

ሙሉነህ መቀሱን ይዞ ሳቀ። «ባለወፍጮው የነዶ ነው፣ እማማ። እሱ ዱቄቱን ለብሶ ከተቀመጠ እኔ ለማን ብዬ ልሰለፍ?»

ወደ ባለወፍጮው ሄዱ። «ባይሳ፣ አንተ ካልወጣህ አስተካካዩ አይመዘገብም፤ አስተካካዩ ካልተመዘገበ ሰፊው አይመዘገብም፤ ሰፊው ካልተመዘገበ ጣቢያው ይዘጋል፤ ጣቢያው ከተዘጋ እኔ አልመርጥም!»

«እኔን ከወፍጮዬ የሚያስነሳኝ የእድር ጥሩምባ ብቻ ነው» አለ ባይሳ። ግትር!

ወደ ጥሩምባ ነፊው ሄዱ። «አንተ ካልነፋህ ባለወፍጮው አይወጣም፤ ባለወፍጮው ካልወጣ አስተካካዩ አይመዘገብም፤ አስተካካዩ ካልተመዘገበ ሰፊው አይመዘገብም፤ ሰፊው ካልተመዘገበ ጣቢያው ይዘጋል፤ ጣቢያው ከተዘጋ እኔ አልመርጥም!»

«ውይ እማማ! ጥሩምባ የሚነፋው ሰው ሲሞት ነው። የእድሩ ዳኛ ሳያዙኝ ብነፋ ሰፈሩ ድንኳን ተሸክሞ ይመጣብኛል!»

እግራቸው እየጠዘጠዛቸው ወደ እድሩ ዳኛ ሄዱ። «ደጀኔ፣ አንተ ካላዘዝክ ጥሩምባው አይነፋም፤ ጥሩምባው ካልተነፋ ባለወፍጮው አይወጣም፤ ባለወፍጮው ካልወጣ አስተካካዩ አይመዘገብም፤ አስተካካዩ ካልተመዘገበ ሰፊው አይመዘገብም፤ ሰፊው ካልተመዘገበ ጣቢያው ይዘጋል፤ ጣቢያው ከተዘጋ እኔ አልመርጥም!» ትንፋሽ አጠራቸው። እኔንም አጠረኝ።

«እድር ፖለቲካ ውስጥ አይገባም» አሉ ጋሽ ደጀኔ። «ፋኖስም፣ ቁልፍም፣ ነዶም ቢሞት እኩል ነው የምንቀብረው።»

እማማ ተናደዱ። «አባል ታሞ መራመድ ሲያቅተውስ?»

«እሱማ በደንባችን አለ። መሄጃው ድረስ በቃሬዛ እናደርሰዋለን።»

«እንግዲያው የምርጫው ዕለት ወንዝ ማዶ በቃሬዛ አድርሱኝ! ዳገቱን መሄጃም መመለሻም! ምርጫ በመጣ ቁጥር!»

ጋሽ ደጀኔ ዳገቱን አሰቡት። የራሳቸውን ወገብም አሰቡት። ከዚያማ ብድግ!

ዳኛው አዘዙ፣ ጥሩምባው ተነፋ፣ ባለወፍጮው ዱቄቱን ሳያራግፍ ወጣ። «ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም! ካልተመዘገባችሁ እማማን ተሸክመን ዳገት ልንወጣ ነው!» አሉ ጋሽ ደጀኔ።

ባለወፍጮው ተመዘገበ። እሱን አይቶ አስተካካዩ ግማሽ የተላጨ ደንበኛ ጥሎ ተመዘገበ። እሱን አይቶ ሰፊው ሜትሩን ባንገቱ እንዳንጠለጠለ ሮጠ። ለአስራ አንድ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ጣቢያው ተረፈ።

የምርጫው ዕለት እማማ የሻረግ ከሁሉ ቀድመው ተሰለፉ። ከኋላቸው ፋኖስ፣ ቁልፍና ነዶ እርስ በርስ ይተራረባሉ። እማማ መርጠው፣ ጣታቸውን ቀለም ተቀብተው፣ ፊታቸው በደስታ በርቶ ሲወጡ ሦስቱም እኩል ጠየቁ፤ «እማማ፣ ማንን መረጡ?»

«እሱን ለሳጥኑ ነግሬዋለሁ» አሉ እማማ። «ግቡና እናንተም የየራሳችሁን ንገሩት።»

የእኔ ይኸው ነው። አሁን ደግሞ እናንተ ተርቱልኝ፣ እኔ ልስማ።