የአዳፍሬ ጭስ

ድሮ ነው። አያቴ እንኳ «ድሮ» ብላ ነው የነገረችኝ፤ የሷ ድሮ ምን ያህል እንደሚርቅ እንግዲህ እናንተው አስቡት። በሬው ተጠምዶ ቆሞ ሳለ ለምን ዶማ ያዙ እንባላለን ብላችሁ ስታጉረመርሙ ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ገና አልደነቆረም። ቁጭ በሉና ስሙኝ፤ ከዚያ ትቆፍራላችሁ።

እዚህ መንደራችን ሾላ ገደል ውስጥ አዳፍሬ የሚባል ቀጥቃጭ ነበር። ሚስቱ እናኑ ትባላለች። እሱ ብረት ይመታል፣ እሷ ወናፍ እየነፋች እሳቱን ታነዳለች። መሬት የላቸውም፤ ለቀጥቃጭ መሬት አይሰጥም ነበር። ዓመቱን ሙሉ የሰፈሩን ማረሻ ይስላሉ፣ አዝመራው ሲገባ ገበሬው ከአውድማው እህል ይሰፍርላቸዋል። ኑሯቸው ይኸው ነው። ሰው ግን ይፈራቸዋል፤ ዓይናቸው ይበላል ይባላል። ማረሻውን ከደጃቸው ራቅ አድርጎ ያስቀምጣል፣ ሲያልቅም ከዚያው ያነሳል። ቤታቸው የገባ፣ ከመሶባቸው የቆረሰ ሰው አልነበረም።

ከዚያ የከብት በሽታ መጣ። በሬው አለቀ። ላሟ አለቀች። ጥጃ እንኳ አልተረፈም፤ ሸለቆው ሁሉ ሸተተ። በሬ ከሌለ እርሻ የለም፣ እርሻ ከሌለ ማረሻ የሚያስል የለም። ገበያው ተፈታ። አዳፍሬና እናኑ ሳማ ቀቅለው በሉ። ሰው ሁሉ «በሬ ከቆላ ይመጣል» እየተባባለ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ዝናቡ ደረሰ፣ በሬው አልመጣም። በየጎታው ጥግ የተደበቀች ዘር ነበረች፤ እሷንም መቆርጠም ጀመሩ። ዘሯ ከተበላች ሾላ ገደል አለቀለት ማለት ነው።

አዳፍሬ ታዲያ አሰበ። ብረት በየቤቱ ተሰቅሏል፣ ክንድ አለ፣ ዝናብ አለ።

«እናኑ፣ ማረሻውን ዶማ ባደርገውስ?» አላት።

«ማን ይሰጥሃል?»

«ልጠይቃ!»

«እንግዲያው ሂድ» አለችው።

መጀመሪያ ወደ ጭቃ ሹም አላምረው ሄደ፤ የሰፈሩ አለቃ እሱ ነው። «ጌታዬ፣ ማረሻውን ይስጡኝና ዶማ ልሥራልዎ። ዋጋዬን እህሉ ሲደርስ ይሰፍሩልኛል» አለው። ጭቃ ሹሙ ቱግ አለ። «ባባቴ ማረሻ! በሬያችንን በዓይንህ ጨረስክ፤ አሁን ደግሞ እንዳይመለስ ብረቱን ልታቀልጥ ነው? ጥፋ ከደጄ!» ውሻ ለቀቀበት።

አዳፍሬ አልተቀየመም፤ ወይም ተቀይሞ ዋጠው። ቀጥሎ ወደ እመት ዘርፌ ሄደ። እሷ ባሏ የሞተባት፣ ሴቶች ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። «ባሌም ሞቷል፣ በሬዬም ሞቷል» አለችው። «ይኼ ብረት ማንን ይጠብቃል? እንካ ውሰደው።» እናኑ ነፋች፣ አዳፍሬ መታ፣ ማረሻው ዶማ ሆነ። ዘርፌ ከልጆቿ ጋር ቆፍራ ገብሷን ዘራች። ሰፈሩ «እንደ ጃርት መሬት ትጭራለች» ብሎ ሳቀባት። ገብሱ ሲበቅል ግን ሳቁ ቆመ። አረንጓዴ ነገር ካየ የሰነበተ ሰው ምን ብሎ ይሳቅ?

ከዚያማ ምኑ ይወራል! ከጭቃ ሹሙ በቀር ያላመጣ የለም። የማረሻ ክምር ከደጁ ራቅ ብሎ ተቆለለ። ሌላው ገበያ ሞቷል ብሎ ሲያለቅስ ያ የተናቀ ሰው ማንም ያላየውን ሥራ አገኘ። «አዳፍሬ ለአዝመራ ሀብታም ሊሆን ነው» ተባለ። አዎ፣ ለአዝመራ። እስከዚያስ?

እናኑ ጉንጯ ገብቶ ነበር። «አንድ እፍኝ እንኳ ጠይቃቸው እንጂ» አለችው።

«እፍኟ ዘር ናት፣ እናኑ። እሷን ከበላንባቸው ምን ያበቅላሉ? ትንሽ ቻይ።»

ቻለች። በየቀኑ ወናፉ ይነፋል፣ በየቀኑ ከጣራቸው ጭስ ይወጣል። የሰፈሩ ሰው ጭሱን ከሩቅ አይቶ «እነሱማ ያበስላሉ፣ ይበላሉ» አለ። ገብቶ ያየ የለም። አያቶቻችን ናቸው፤ ግን አላሞግሳቸውም፣ አልችልም።

በመጨረሻ የጭቃ ሹሙ ማረሻ መጣ። አፍሮ በሎሌ ላከው፤ ሎሌውም በእጁ እንዳይነካው ማረሻውን በዱላ ወደ ክምሩ ገፍቶት ሄደ። አዳፍሬ ብረቱን እሳት ውስጥ ከተተ። ጥቂት እንደሠሩ የወናፉ ድምፅ ቆመ። «እናኑ፣ ትንሽ ነው የቀረን» አላት። ዞር ሲል ወናፉን እንዳቀፈች ሞታለች።

ያን ቀን አዳፍሬ በአንድ እጁ ነፋ፣ በአንድ እጁ መታ። ዶማውን ጨረሰው። በዚያው ዶማ ከጓሮው ጉድጓድ ቆፈረና ሚስቱን ብቻውን ቀበረ። ለቀብር የመጣ ሰው የለም። ከዚያ ዶማውን አጥቦ የተለመደው ቦታ አስቀመጠ። ሎሌው አነሳው፤ ጭቃ ሹሙም መሬቱን ቆፍሮ ዘራበት።

ገብሱ ደረሰ፤ እንደዚያ ያማረ ገብስ ታይቶ አይታወቅም ነበር አሉ። ዘርፌ የአዳፍሬን ድርሻ በጀርባዋ አዝላ መጣች። ከአጥር ውጭ ብትጣራ የሚመልስላት ጠፋ። ገባች፤ ያን ቤት የረገጠች የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። ድስት ተጥዶ አየችና ክዳኑን አነሳች። ደርቆ የተጣበቀ ሳማ ነበረበት፣ ሌላ ምንም የለም። እዬዬ ብላ ጮኸች፤ ሰፈሩ ተሰበሰበ።

አዳፍሬን ከመቃብሯ አጠገብ ተቀምጦ አገኙት። እህሉን አሳዩት። «ለሁለት ነበር የሠራነው» አለ። «እናንተ ብሉት።» መዶሻውን ይዞ የቆላውን መንገድ ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። ጭቃ ሹሙም ዶማው መጀመሪያ የማንን ጉድጓድ እንደቆፈረ አዳፍሬ ሊሄድ ሲል ነግሮት ስለነበር፣ የዚያ ዓመት እህል ከጉሮሮው አልወርድ አለው።

ኋላ በሬው ተመለሰ። ግን በሬ ከመንቀሳቀሱ በፊት የማሳውን ጥግ በዶማ እንቆፍራለን። የዚያች ጥግ ገብስ ከአዳፍሬ በኋላ ለመጡት ቀጥቃጮች ቤት ናት፤ ይዘን ገብተን እዚያው አብስለን አብረናቸው እንበላለን። በሌላ አገር የሰው ድስት መክፈት ነውር ነው አሉ። እዚህ ግን ጎረቤት ቤት የገባ ሰው መጀመሪያ ክዳኑን ያነሳል፤ ሳያነሳ የወጣ ነው የሚታማው።

በሉ ተነሱ፣ ዶማችሁን ያዙ። ስትመለሱም በቀጥቃጩ ቤት በኩል እለፉ። ጭሱ ከዚህም ይታያል፣ አውቃለሁ። ግቡና ድስቱን ክፈቱ።