ሪባኑ ያልተቆረጠለት ክፍል

ተረት ካላችሁኝ፣ የዛሬው የሆስፒታል ነው። በአንድ ከተማ ሲስተር ዘርፌ የምትባል ነርስ ነበረች። ስትሮክ የመታው ሰው ቶሎ የሚታከምበትን ክፍል ለሆስፒታሉ ያደራጀችው እሷ ናት። የሕክምና መመሪያውን ጻፈች፣ ነርሶቹን አሠለጠነች፣ ዘበኛውን ሳይቀር «አፉ የተጣመመ፣ እጁ የዛለ ሰው ሲመጣ ምች ነው ብለህ እንዳትመልሰው» ብላ አስተማረች። ክፍሉ ግን ሁለት ወር ሙሉ እንደተቆለፈ ነው።

አንድ ጠዋት ደምሰው የሚባል ግንበኛ ግማሽ ጎኑ ዝሎ፣ ምላሱ ተሳስሮ፣ ሚስቱ እቴነሽ ደግፋው መጣ። ጭንቅላቱን ፎቶ ተነሣ፤ ሐኪሙም የረጋውን ደም የሚያሟሟውን መድኃኒት አዘዘ። መድኃኒቱ የሚሰጠው ሕመሙ በጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ሦስቱ አልፏል። ዘርፌ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መድኃኒቱ ያለበትን ክፍል ቁልፍ።

ወደ ንብረት ክፍል ሮጠች። «ጋሼ፣ ቁልፉን ይስጡኝ፤ ሰው ሊሞትብኝ ነው።»

«ማህተም ያለው ደብዳቤ አምጪ» አለ ንብረት ክፍሉ፣ ጥርሱን እየፋቀ።

ደብዳቤውን በእጇ ጫር ጫር አድርጋ ወደ መዝገብ ቤት ሮጠች። «ንብረት ክፍል ቁልፍ አልሰጥም አለ፤ ማህተም ምቺልኝ።»

«ዳይሬክተሩ ሳይፈርሙ? አልመታም!» አለች መዝገብ ቤቷ።

ወደ ዳይሬክተሩ ሮጠች። «መዝገብ ቤት ማህተም አልመታም አለች፣ ንብረት ክፍል ቁልፍ አልሰጥም አለ፤ ይፈርሙልኝ፣ ዶክተር።»

«ሪባኑ ሳይቆረጥ አልፈርምም! ባልተመረቀ ክፍል ሰው ታክሞ ቢድን ምን ብለን ሪፖርት እናደርጋለን?»

ወደ ሕዝብ ግንኙነቱ ሮጠች። ባለከረባት ነው፣ አዲስ ነው። «ዳይሬክተሩ አልፈርምም አሉ፣ መዝገብ ቤት ማህተም አልመታም አለች፣ ንብረት ክፍል ቁልፍ አልሰጥም አለ፤ ሪባኑን አስቆርጥልኝ።»

«የክብር እንግዳው ሳይመጡ አይቆረጥም።»

«ለምን አይመጡም?»

«የሚያነቡት ንግግር ሳይጻፍላቸው አይመጡማ።»

«ለምን አይጻፍም?»

«ስለ ክፍሉ የሚያስረዳን ባለሙያ ጠፋ እኮ! ዘርፌ የምትባል አንዲት ነርስ አለች አሉ፤ ሁለት ወር ፈለግናት። አታውቂያትም?»

የዘርፌ ደም ፈላ። ያ ሁሉ በሽተኛ ሜዳ ላይ የቀረው፣ እነዚህ ባለወንበሮች አንድ ፎቅ ወርደው ስሟን መጥራት አቅቷቸው ኖሯል! «አውቃታለሁ» አለችና ወጣች፤ ሕዝብ ግንኙነቱም ተከተላት። ክፍሉ በር ላይ ስትደርስ የፋሻ መቀሷን ከኪሷ አወጣች፤ ቀዩን ሪባን ቀጭ! አደረገችው። «ተመርቋል!» ብላ ጮኸች።

ከዚያማ ምን ይጠየቃል! ሪባኑ ሲቆረጥ ሕዝብ ግንኙነቱ ደንግጦ አጨበጨበ፤ ጭብጨባውን ሲሰሙ ዳይሬክተሩ እንግዳው መጥተው ያመለጧቸው መስሏቸው እየሮጡ መጥተው ደብዳቤዋን ፈረሙ፤ ፊርማውን ስታይ መዝገብ ቤቷ ማህተሙን መታች፤ ማህተሙን ሲያይ ንብረት ክፍሉ ቁልፉን ሰጠ፤ ቁልፉ በሩን ከፈተ፤ መድኃኒቱ በደምሰው ክንድ ገባ። የቀረው አሥር ደቂቃ ነበር።

ዳይሬክተሩና ሕዝብ ግንኙነቱ በምረቃ ሰሌዳው ላይ የማን ስም ከላይ ይሁን እያሉ ሲነታረኩ ዋሉ። የዘርፌን ስም ያነሣ የለም። እሷ የደምሰውን እጅ ይዛ ተቀምጣለች። ከሰዓት በኋላ ጣቶቹ መዳፏ ውስጥ ተንቀሳቀሱ። ዓይኑን ገልጦ እቴነሽ ስታለቅስ አያት፤ በተኮላተፈ አፉም፣ «ምን ያስለቅስሻል? አለሁልሽ» አላት።