ሦስት ጥያቄ የቀረው ስልክ

ተረት ላውራችሁ? «አውሪልን» በሉ እንጂ! እንግዲህ ጆሮ ያለው ያዘንብል፤ ጆሮው የደከመ ከጎረቤቱ ይዋስ።

ድሮ፣ ግን ብዙም ድሮ ባልሆነው ድሮ፣ ስልክ ሰምቶ መመለስ በጀመረበት ዘመን፣ በአንድ ወንዝ ዳር አራት ጎረቤታሞች ነበሩ። ለአራቱ ቤት አንድ የውሃ ሞተር ነበራቸው፤ ከነቱቦው በየተራ ከቤት ቤት ይዞራል። ለእያንዳንዱ ቤት ሦስት ቀን ተራ ይደርሰዋል። ተራው ካለፈ አለፈ ነው፤ ተመልሶ እስኪዞር ዘጠኝ ቀን ይጠበቃል። ተራ የሚያስከብረው የውሃ አባቱ አያ ጓንጉል ነው። ዱላው ረጅም ነው፤ ድምፁ ከዱላው ይረዝማል።

ተራው ከአያ ጓንጉል ቤት ወደ አንጓችና ወደ ባሏ ወደ ደምለው በዞረበት ማለዳ፣ ሞተሩ ተነሣ። ጮኸ፣ ጮኸ፣ ውሃ ግን ጠብ አላለም። አንጓች ልጇን አዝላ የሽንኩርት ችግኟን አየች። ጫፉ ቢጫ ሆኗል። እንኳን ዘጠኝ ቀን፣ አራት ቀንም አይቆይ። የዓመቱ ቀለብ፣ የልጁ ልብስ፣ ሁሉም ያ መደብ ላይ ነው።

ደምለው ስልክ አለው። በስልኩ ውስጥ ስለ ሞተርም ስለ በሬም ቢጠይቁት የሚመልስ ረዳት አለ፤ የሰፈሩ ሰው «አዋቂው» ይለዋል። ባትሪው ግን ሊያልቅ ነው፤ ቻርጅ የሚደረገው ደግሞ ቅዳሜ ገበያ ነው።

«ሦስት ጥያቄ ቢችል ነው» አለ ደምለው።

«እንግዲያ መጀመሪያ ሞተሩን እንየው» አለች አንጓች ቀስ ብላ።

«ምኑን ታይዋለሽ፣ አዋቂ እያለ!» አለና ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋ። «ሞተራችን ታሟል። ምን ይሻለዋል?»

አዋቂው መለሰ፦ «ሞተር በብዙ ነገር ይታመማል። ነዳጁ ቆሽሾ ይሆናል። ዘይቱ ጎድሎ ይሆናል። ካንዴላው ጠቁሮ ይሆናል...» አሥራ ሁለት ምክንያት ቆጠረ። «ለመሆኑ ምን ታየበት?» ብሎ ሲጠይቅ ደምለው ዘግቶታል።

ነዳጁን ቀየረ። ካንዴላውን ፈታ፣ አጠበ፣ ገጠመ። መሸ። ሞተሩ ጮኸ፤ ውሃ ጠብ አላለም።

አንጓች ከንፈሯን ነከሰች። «ሐኪም ቤት ሄዶ ‹አሞኛል› ብሎ ዝም የሚል ሰው አገባሁ» አለች በሆዷ።

በማግስቱ አያ ጓንጉል ዱላውን ይዞ መጣ። «ጥያቄ በወግ ነው የሚጠየቀው። አምጣው ወዲህ!» ጉሮሮውን ጠረገ። «እንደምን አደርክ አዋቂው? ከብቱ ደህና? ሰብሉ ደህና? ዘመድ አዝማድ...»

«አያ፣ ባትሪው!» አለ ደምለው።

«ዝም በል፣ ሰላምታ አይቋረጥም!» ሰላምታውን ጨረሰና እንዲህ አለ፦ «እኛ ዘንድ ዕቃ አይበላሽም። ሞተሩ ጤነኛ ነው። ቱቦው ጤነኛ ነው። ታዲያ ውሃው ለምን እምቢ አለ?»

«እንዳሉት ሁለቱም ደህና ከሆኑ» አለ አዋቂው፣ «የወንዙ ውሃ ጎድሎ ይሆናል።»

«አላልኳችሁም! ጥፋቱ የወንዙ ነው!»

አያ ጓንጉል አዘዘ፤ ደምለው ወንዙን ቆፈረ። እስከ ወገቡ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ዋለ። መሸ። ሞተሩ ጮኸ፤ ውሃ ጠብ አላለም።

አንጓች ግን አንድ ነገር አይታ ነበር። አያ ጓንጉል «ቱቦው» ሲል ዓይኑ መሬት መሬት ያይ ነበር።

በሦስተኛው ቀን፣ በመጨረሻው ቀን፣ ማልዳ ወንዝ ወረደች። «አስነሣልኝ» አለችው ባሏን። ደምለው ወገቡ ተቆርጦ ስለነበር አልተከራከረም። ሞተሩን ጆሮዋን ሰጥታ ሰማችው። ጭሱን አየች። አስጠፋችውና በሞተሩ አፍ ውሃ ሞላችበት፤ ውሃው ተመልሶ እስኪወርድ ቆጠረች። ቀሚሷን ሰብስባ ወንዙ ውስጥ ገባች፤ የቱቦውን ጫፍ አወጣች። ከዚያ ስልኩን ተቀበለችው።

«ስማኝ» አለች። «ሞተሩ ይነሣል። ድምፁ አይቆራረጥም፤ ጭሱ አልጠቆረም። ውሃ ስንሞላበት አምስት ሳልቆጥር ተመልሶ ይወርዳል። ወንዝ ውስጥ የሚገባው የቱቦ ጫፍ ባዶ ነው፤ አፉ ላይ የተቧጨረ ምልክት አለ። እስከ ጎረቤታችን ተራ ድረስ ይስብ ነበር። ነዳጅ ቀይረናል፣ ወንዝ ቆፍረናል፤ አልሆነም። ምን ጎደለው?»

«እኔ አላየሁትም፤ እንዳየሽው ከሆነ ግን» አለ አዋቂው፣ «የቱቦው ጫፍ ላይ ምላስ ያለው ወንፊት ይገጠማል። ውሃው ተመልሶ እንዳይወርድ የሚይዘው እሱ ነው። ተነቅሎ ይሆናል። ፈልጊው።»

ይህን ተናግሮ ስልኩ ጭልም አለ።

አንጓች ስልኩን በነጠላዋ ሸፈነችና አያ ጓንጉልን አስጠራችው። ሁለቱ ጎረቤቶችም መጡ።

«አያ፣ የቱቦው ወንፊት ጠፍቷል። ይኸው አዋቂው ነገረኝ። ማን እንደነቀለውና የት እንዳስቀመጠው ልጠይቀው ነው» አለች፤ ስልኩን ወደ አፏ ከፍ አደረገች።

«ቆይ! ቆይ ልጄ!» አያ ጓንጉል ላቡ ወረደ። «ምን ባዕድ ያስጠይቃል፤ እኛው አለን አይደል? ቱቦውን ስጎትት ድንጋይ ያዘው... ተነቀለ። የውሃ አባት ሰበረ ከምባል ብዬ ገለባው ሥር ሸጎጥኩት።»

«ሁለት ቀን!» አለች አንጓች። በዕድሜዋ ጮኻ አታውቅም ነበር፤ ያን ቀን ጮኸች። «ሁለት ቀን ሙሉ ባሌ ነዳጅ ሲቀይር፣ ጭቃ ሲቆፍር ገለባው ሥር ነበር?»

ወንፊቱ መጣ። በካላማዳሪ፣ በጎማ ላስቲክ፣ ጥብቅ አድርገው አሰሩት። ውሃ ሞሉ። ሞተሩ ጮኸ፤ ውሃው ቦዩን ሞልቶ ወደ ችግኙ ሮጠ።

«አዋቂው ግን ሌባም ያውቃል እንዴ?» አለ ደምለው። አንጓች ስልኩን ሰጠችው። ቢጫነው፣ ቢጫነው፣ አልበራም። ከዚያ ገባውና ጭቃው ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ።

ጎረቤቶቹ ፈረዱ። የአያ ጓንጉል መጪ ሦስት ቀን ለአንጓች ተሰጠ። ዱላውንም ተቀበሉትና፣ እስከ ክረምት ድረስ ቱቦውን ሳይጎትት በትከሻው ከቤት ቤት እንዲያደርስ ፈረዱበት። ሲያስረክብም «ይህ ተሰበረ፣ ይህ ላላ» ብሎ እንዲናገር። ዕቃውን በተሸከመ ቁጥር አንጓች «በርታ አያ፣ ከዱላው ይቀላል!» ትለው ነበር ይባላል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ማለት ይህ ነው፤ ባለመድኃኒቱ ሁሉን አዋቂ ቢሆንም።

እኔ ተረቴን ቦዩ ዳር ትቼዋለሁ፤ የጠማው ይጎንጭ፣ ያልጠማው ለጎረቤቱ ይልቀቅ።