በሞቴ፣ ይቺን ብቻ

ፊታውራሪ አስግድ የማያዙት ነገር አልነበረም። ጠላ በምን ቀን እንደሚጠመቅ፣ ሴት ሹሩባዋን እንዴት እንደምትሠራ፣ ሰው መቼ እንደሚተኛ ሳይቀር ያውጃሉ። ያለ ፈቃድ ከበሮ መምታት ክልክል ነው ባሉ ሰሞን ታዲያ አንዲት ምላሰኛ ባልቴት ልጇን ስትድር ዳሱን በከበሮ አናወጠችው።

ፊታውራሪው አሽከሮቻቸውን አስከትለው ከተፍ አሉ።

«ሕዝብ ማለት ሕፃን ነው» አሉ፣ የክብር ቦታው ላይ እየተደላደሉ። «የሚበጀውን የምናውቅለት እኛ ነን። አይደለም የምትዪ ከሆነ እዚሁ ሰው ፊት አስረጂኝ፤ ያለዚያ ዳስሽን አፈርሰዋለሁ!»

ከበሮው ዝም አለ። ሙሽራዋ እንባ አቀረረች። ባልቴቷ ግን እጇን ታጥባ ወደ ማዕዱ ቀረበች።

«መልሱ ይደርሳል፣ ጌታዬ። መጀመሪያ እንግዳዬን ላጉርስ» አለችና ጡጫ የሚያህል ጉርሻ ጠቅልላ አጎረሰቻቸው። የሙሽራ እናት ጉርሻ እምቢ አይባልምና እንደምንም ዋጡት።

«በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!» ብላ ደገመች። አሁንም በሞቴ ብላ ሠለሰች። የፊታውራሪው ዓይን ፈጠጠ፤ ላብ አጠመቃቸው። አራተኛውን ስታቀርብ እጇን ለቀም አደረጉት።

«በቃኝ! ጠግቤያለሁ!»

«ኧረ ገና ነዎት! እኔ አውቅልዎታለሁ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ የገዛ ሆዴን ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል!» ብለው ጮኹ።

ባልቴቷ ጉርሻውን ወደ ራሷ አፍ መለሰችው። ቀስ ብላ አላምጣ ዋጠችና እጅ ነሳች።

«እኔም ልመልስልዎ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር፣ ጌታዬ፤ ቀደሙኝ እንጂ።»