ለዳይሬክተሩ የሚስማማ ማንበቢያ

ዳይሬክተር ዘርጋው አጃቢዎቻቸውን አስከትለው ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገቡ። ሻጯ ምላሰኛ ናት፤ ያን ዕለት ግን አፏን ልትሰበስብ ለራሷ ቃል ገብታ ነበር።

«ታብሌት የሚመስል መጽሐፍ ማንበቢያ አለ አሉ» አሏት። «ለንባብ ልማዴ የሚስማማውን አንዱን ብቻ መርጠሽ አምጪ። ከተሳሳትሽ ግን የሱቁ ባለቤት ወዳጄ ነው፤ ዛሬውኑ አስባርርሻለሁ!»

«እሺ ጌታዬ። አልጋ ላይ ነው የሚያነቡት ወይስ መኪና ውስጥ?»

«ቢሮዬን አላየሽም ማለት ነው! ግድግዳው ሙሉ መጽሐፍ ነው።»

«ጎሽ! ታሪክ ነው ልብ ወለድ የሚወዱት?»

«ቀዩን ነው የምወደው፤ ከመጋረጃዬ ጋር ይሄዳል። ጥቁሩም አይከፋም፤ ጀርባው ላይ የወርቅ ጽሑፍ አለው።»

«ከሁሉም ልብዎን የነካው የትኛው ነው?»

«ወፍራሙ ነዋ! ቴሌቪዥን ሲቀርጸኝ ከኋላዬ ጎልቶ የሚታየው እሱ ነው።»

አጃቢዎቹ ጫማ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። ሻጯም ሳቋን እንደምንም ውጣ ወደ ጓዳ ገባችና ዳር ዳሩ በወርቅማ ቀለም ያጌጠ ቀይ የቆዳ ሽፋን ይዛ ተመለሰች። ዳይሬክተሩ ደስ ብሏቸው አገላበጡት፤ ለአጃቢዎቻቸውም አሳዩ። በመጨረሻ ሲከፍቱት ውስጡ ባዶ ነው።

«ማንበቢያው የታለ?» ብለው ጮኹባት።

«ጌታዬ፣ በነገሩኝ ልማድዎ ልክ ነው የመረጥኩልዎ» አለች እጅ ነስታ። «መጽሐፍ መግለጥ የጀመሩ ዕለት ብቅ ይበሉ፤ ውስጡ የሚገባውን ማንበቢያ ያን ጊዜ እንሰጥዎታለን።»